በፀሐዩ ፀ

ፀዳለ ወንድይራድ ዘወትር ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የጽሕፈት ቤቱን አጥር በር አልፋ ትገባለች፤ ቦርሳዋን ጄኔሬተሩ ቤት ግድግዳ ላይ ካለው ሚስማር ትሰቅላለች፣ ጫማዋን በቦት ትለውጣለች፣ ከዚያ የማጠጫውን ቆርቆሮ ከሮቶው ሞልታ ከአጥሩ በር እስከ ሕንፃው ደረጃ ድረስ በሁለት ረድፍ የተሰለፉትን ድንክዬዎች አንድ በአንድ እያጎነበሰች ታጠጣለች። ሥራው ከባድ አይደለም። ሠራተኛው ከመግባቱ በፊት ያለው ሰዓት ጸጥ ያለ ነው፣ ከታች ከዋናው መንገድ የታክሲ ረዳት ጩኸት ተሸራርፎ ይደርሳል፣ እርጥብ አፈር ይሸታል፣ ውኃው ቅጠል ላይ ሲወርድ በሩቅ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከቀኑ ውስጥ የምትወደው ይህን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር። በቀረው ሰዓት ስሟ የኮንትራት ሠራተኛ ነው።

ድንክዬ የቁጥቋጦዋ እውነተኛ ስም አይደለም። ከችግኝ ጣቢያው ስትመጣ ፕላስቲኳ ላይ ረጅም የላቲን ስም ተለጥፎባት ነበር፤ የሐምሌ ዝናብ አጠበውና የሰነፍ ፊርማ የመሰለ ሰማያዊ ጭረት ብቻ ቀረ። ሻጩም ከውጭ የመጣ ዝርያ ነው ከማለት ሌላ የሚያውቀው አልነበረም። ከጉልበት አትበልጥም፣ ማንም ሳይከረክማት ራሷ ክብ ሆና ታድጋለች፣ ቅጠሏም ሦስት ቀለም አለው፦ ከጫፍ ያለው ለጋው እንደ በርበሬ ቀይ፣ መሐሉ እንደ እርድ ቢጫ፣ ከሥር ከመሬት የሚታከከው ደግሞ ከሩቅ ጥቁር፣ ተጠግተው ሲያዩት ወይን ጠጅ። በዚህ ሁሉ ላይ ከጣት ጥፍር የማይበልጡ ነጫጭ አበቦች ታወጣለች። ፀዳለ የአትክልት ሳይንስ ተምራለች፣ ብዙ ቁጥቋጦ አሳድጋለች፤ እንዲህ የታዘዘችውን የምትሰማ ግን አይታ አታውቅም። አርባዎቹ ማለት ነው። አርባ አንደኛዋ ሌላ ጉዳይ ናት።

የተተከሉት ሐምሌ አምስት ቀን ነው። ጽሕፈት ቤቱ የአሠራር ማስተካከያ ማስተባበሪያ ይባላል፤ ምን እንደሚስተካከል በእርግጠኝነት የሚናገር ባይገኝም ማስተባበሩ አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም። የዚያን ዕለት አርባው ቋሚ ሠራተኛ ነጭ ካናቴራና ነጭ ጓንት አድርጎ ወጣ። ፀዳለ ሁለት ቀን ሙሉ ስትቆፍርላቸው በሰነበተችው ጉድጓድ ውስጥ እያንዳንዱ አንዳንድ ችግኝ አስቀመጠ፣ በጓንቱ ጫፍ እፍኝ የማይሞላ አፈር ጣል አደረገ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ጓንቱን አውልቆ ለሻይ ገባ። ኃላፊው አቶ ዘውገ ከየችግኙ አጠገብ የተካዩ ሙሉ ስም የታተመበት፣ በፕላስቲክ የታሸገ ምልክት እንጨት ላይ ተሰክቶ እንዲቆም አዘዙ፤ ባለቤቱ በስሙ ያልታወቀ ችግኝ አይጸድቅም ሲሉ በድምፅ ማጉያው ተናገሩና ተጨበጨበላቸው። ይህን ሐሳብ ከየት እንዳመጡት የጠየቃቸው ሰው የለም። አርባ አንደኛዋን፣ ከረድፉ መጨረሻ ከሮቶው ሥር ያለችውን፣ ሁሉም ሻይ ላይ ሳሉ ፀዳለ ብቻዋን፣ ያለ ጓንት ተከለቻት።

አርባዎቹ ጸደቁ። ይህ ራሱ ሊያጠራጥራት ይገባ ነበር፤ በጓንት ጫፍ ከተተከለ አርባ ችግኝ ቢያንስ ስድስት ሰባቱ ይደርቃል፣ ጠምሞ የሚወጣ፣ ተባይ የሚበላው፣ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ የሚረግጠው አይጠፋም። እነዚህ ግን አንዱም ሳይጎድል በሳምንት ውስጥ ቀጥ ብለው ቆሙ። የደረቀችው የእሷ ብቻ ናት። በዘጠነኛው ቀን ጫፏ ጠቆረ፣ በአሥራ አንደኛው ቅጠሏ እንደ አሮጌ ደረሰኝ ተጠቀለለ። ነቅላ ከተረፉት መጠባበቂያ ችግኞች አንዷን ተካች፤ ደረቀች። አፈሩን ቀየረች፣ ብስባሽ ጨመረች፣ በማዳበሪያ ጆንያ ጥላ ሠራችላት፤ ደረቀች። ጥላውን አነሣች፤ ደረቀች። በነሐሴ መጨረሻ፣ እጁን አፈር ያላስነካ ሁሉ ባጸደቀበት ግቢ ሙያው ያላት ብቸኛ ሰው ባዶ ጉድጓድ ላይ ቆማ ራሷን ስትሳደብ ጥበቃው ጋሽ ሁሪሳ ሰምተው ሳቁ።

ነገሩ የአበባ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትተወው ነበር። የሪፖርቱ ቅጽ ግን ሦስት ዓምድ አለው፤ የተተከለ፣ የጸደቀ፣ ያልጸደቀ። አርባ አንድ፣ አርባ፣ አንድ ብላ ሞልታ አቶ ዘውገ ቢሮ ገባች። እሳቸው ቅጹን በእርሳስ ጀርባ መታ መታ አደረጉት።

«ይቺ አንድ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ» አለች ፀዳለ።

«ራስሽን ማጽደቅ አቅቶሽ ነው?» አሉ፤ እየቀለዱ አልነበረም። ገምጋሚዎች ይመጣሉ፣ ዘጠና ሰባት ነጥብ ምናምን የሚባል ቁጥር ይዘው ሊቀርቡ አይችሉም፣ ያለ መቶ አይሆንም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና ለሁለት ዓመት ስትጠብቀው የኖረችውን ነገር እንደ ከረሜላ አወጡት፦ «ቅጹ አርባ አንድ ባለ ቀን ያንቺን ቋሚ ቅጥር እኔ አጸድቃለሁ። ካልሆነ ኮንትራቱ ጥቅምት ሠላሳ ያልቃል፣ የማራዘም መብት የለኝም።»

ፀዳለ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ኮንትራቷ በየሦስት ወሩ ሲታደስ ስምንት ጊዜ ፈርማለች፣ በስምንቱም ጊዜ ይሄ የመጨረሻው ነው ተብላለች። አሰላ ያሉት አባቷ፣ ዕድሜያቸውን በፖስታ አዳይነት የጨረሱት ጋሽ ወንድይራድ፣ ልጄ የመንግሥት ሠራተኛ ናት ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አውርተዋል። ሻንጣዋን ይዛ እዚያ ሰፈር በቀን ብርሃን መውረድ ከምታስበው ነገር ሁሉ በላይ ያስፈራታል። ሌላ የሚያስፈራ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስላትም ነበር።

ደግሞ ችግኟ ብትጸድቅም ሌላ እንቅፋት ነበረባት፤ ፊደል። ፀዳለ በፀሐዩ ፀ ናት። ፀሐይ ብቅ ስትል ስለተወለደች አባቷ በፀሐዩ ይሁን ብለው የልደት ካርዷ ላይ አስጽፈዋል፣ ዲግሪዋም መታወቂያዋም እንደዚያው ነው። የተቀጠረች ዕለት ግን የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ አታለለች መዝገቧን ሲከፍቱ በጸሎቱ ጸ ጻፉት። የግቢው ምልክትም የታተመው ከመዝገቡ ስለሆነ ከሮቶው ሥር ያለው እንጨት ላይ የቆመው «ጸዳለ ወንድይራድ» ነው። ይታረምልኝ ብላ ስምንት ማመልከቻ አስገብታለች። ወይዘሮ አታለለች መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው ሁለቱን ወረቀት ያስተያዩና ይሄ ሁለት ሰው ነው ይላሉ። ባለመዝገቧ ጸዳለ ናት፤ ጸዳለ ራሷ መጥታ ካላመለከተች የሰው መዝገብ እንዴት ይነካል? ፀዳለ እኔ ነኝ እኮ እሷ ስትል፣ እሱን በማስረጃ አምጪው ይሏታል። እልሁ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሣት የማታውቃትን ያቺን ጸዳለን ትረግማታለች፤ ቦታዋን ይዛባት የተቀመጠች፣ ማመልከት የማትወድ ሰነፍ ሴት።

መስከረም ከገባ በኋላ ድንክዬዎቹ አበባቸውን አላቆሙም። ፀዳለ መጀመሪያ ያስተዋለችው ቅጠሉን ነው። ቅጠል ፀሐይ ወዳለበት ይዞራል፣ ይህን ማንም ያውቃል፤ እነዚህ ግን በጠዋቱ በምሥራቅ አጥር በኩል ፀሐይ እየወጣች ፊታቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሕንፃው መስኮቶች መልሰው ታገኛቸዋለች። ከዚያ ሽታው መጣ። ነጫጮቹ አበቦች ሐምሌ ላይ ማር ማር ይሸቱ ነበር፤ አሁን የሾፌሩ የሳሙኤል ድንክዬ ዘንድ ስታጎነብስ ቤንዚንና ማስቲካ ሸተታት፣ የወይዘሮ አታለለች ደግሞ ጉሮሮ የሚያነቃ የሜንታ ከረሜላና የቀለም ማኅተም። ሰው ያረፈበት ወንበር ገና ሳይቀዘቅዝ የተቀመጡበት ያህል ቀረብ ያለ፣ የሚያሳፍር ሽታ ነበር። አፍንጫዬ በብስባሽ ተበላሽቶ ነው ብላ አለፈችው። ንፋስ በሌለበት ቀትር ረድፉ ሲንሾካሾክ ስትሰማ ደግሞ እንሽላሊት ነው አለች። አርባ አንደኛዋ፣ በዚያን ሰሞን አምስተኛዋ ተተኪ፣ ምንም አትሸትም፣ ምንም አትንሾካሾክም፣ እየደረቀች ነበር።

ሠራተኛውም ተለውጦ ነበር፣ ግን የመንግሥት ሠራተኛን አለመንቀሳቀስ ከለውጥ ማን ይቆጥረዋል። ሰው ሰዓት ማክበር ጀመረ። ፀዳለ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስትገባ ሁሉም ወንበሩ ላይ ነው፣ አሥራ አንድ ተኩል ስትወጣም እዚያው ነው፤ የሰዓት ፊርማው መቶ በመቶ ሞላና ለአቶ ዘውገ በዚህ የምስጋና ወረቀት ተላከላቸው። ጠረጴዛዎቹ ቀስ በቀስ ወደ መስኮቱ ተጠጉ። የሻይ ክበቡ ደንበኛ አጥቶ ተዘጋ፤ በዚያ ቤት ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ነው፣ እሱም ቁጠባ ተባለ። ከዚያ ሳፋዎቹ መጡ። መጀመሪያ ወይዘሮ አታለለች እግሬ አበጠ ብለው ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ ጠረጴዛቸው ሥር አደረጉ፣ ውኃ ሞልተው እግራቸውን ነከሩ። በሳምንቱ ገንዘብ ቤት ሁለት ሳፋ ታየ፣ ቀጥሎ ዕቅድ ክፍል፣ ቀጥሎ በአገናኝ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በየተከፈተው በር ሥር የሳፋ ጠርዝ ብልጭ ይል ጀመር። ባለጉዳይ ሲመጣ በዝግታ ቀና ይሉና፣ ትንሽ ይቆዩና፣ ነገ ይምጡ ይላሉ። ባለጉዳዩ ምንም ልዩ ነገር አልታየውም።

ሳሙኤል እንኳ መኪናው ውስጥ ነበር። ነጩ ፒክአፕ ከጳጉሜን ጀምሮ ከደረጃው አጠገብ አልተንቀሳቀሰም፤ ነዳጅ የለም ተብሏል። ፀዳለ በየጠዋቱ መሪው ላይ እጁን ጭኖ፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ታየዋለች፣ በቆመ መኪና ውስጥ የሚተኛ ሾፌር ደግሞ እሷም ሆነች ሌላው ሰው ሁለተኛ የሚያየው ነገር አይደለም። አንድ ቀን ግን መስታወቱ በውስጥ በኩል እንፋሎት ይዞ፣ ጠል ሠርቶ አየችው። የበሩ ታችኛ ጎን ተሰንጥቆ በስንጥቁ በኩል የሆነ ነጭ፣ ክር የሚመስል ነገር ወደ መሬት ወርዷል። የወንበሩ ስፖንጅ ተቀዶ ይሆናል አለች። መስታወቱን አንኳኳችለት። ሳሙኤል ዓይኑን ሳይገልጥ፣ በሆነ ሩቅ ቦታ እንዳለ ሰው ሁሉ በእርጋታ ፈገግ አለ። ይኸው ቋሚ ሠራተኛ ማለት፣ አለች በልቧ፤ ቀናችበት።

በዚያው ሳምንት የውኃ ቱቦ ለመጠገን በረድፉ ጎን ቦይ ቆፈረች። የቁጥቋጦ ሥር እንደ ጃንጥላ በዙሪያው ይዘረጋል፤ የአርባዎቹ ግን አንድ ላይ ተጎንጉኖ፣ ነጭና እርጥብ ሆኖ፣ በደረጃው ሥር ወደ ሕንፃው ይሄዳል። አካፋው የአንዱን ጫፍ ሲነካው ጠቅላላው ጉንጉን እንደ ሰው ጡንቻ ኩምትር አለ፣ ከውስጥ ከገንዘብ ቤት በኩል አንድ ሰው «እህ» ሲል ሰማች። አፈሩን ቶሎ መለሰችበት። ከዚያ የደረቀችውን አምስተኛዋን ነቅላ አየቻት። ሥሯ ወዴትም አልሄደም፤ በዚያው ጉድጓድ ውስጥ ዙሪያውን ደጋግሞ ተጠምዝዞ፣ አድራሻው ጠፍቶበት ከቤት ቤት ሲዞር እንደዋለ ፖስታ አዳይ ዝሎ ቀርቷል። ፀዳለን ሊያስደነግጣት የሚገባው የአርባዎቹ ሥር ሆኖ ሳለ ያናደዳት የአንዷ ሆነ። ጥቅምት ሊገባ ነው። የቀሩት መጠባበቂያዎች ሁለት ናቸው።

ጋሽ ሁሪሳ ከኤጀንሲ የመጡ ጥበቃ ናቸው፤ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ስላልሆኑ ችግኝ ትከሉ ያላቸው፣ ስማቸውንም ያተመ የለም። ማንበብ የቻሉት ጎልማሳ ሆነው፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፣ ከዚያ ወዲህ ዓይናቸው ያረፈበትን ፊደል ሁሉ ሳያነቡ አያልፉም። አንድ ቀን ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀዳለ ስድስተኛዋን ተክላ አፈሩን በመዳፏ ስትጠቀጥቅ መጥተው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ፣ ምልክቱን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«አርባዎቹ ማታ አይወጡም» አሏት።

ስለ ቁጥቋጦዎቹ የሚያወሩ መስሏት ሳቀች።

«ሰዎቹን ነው የምልሽ። በሩን ለሰው ከከፈትኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። አንቺ ብቻ ነሽ የምትወጪው፣ አንቺ ብቻ ነሽ የምትገቢው። የሠራተኞቹ ባልና ሚስቶች ስልክ ይደውላሉ፣ ሥራ በዝቶ ነው ይባላሉ።» ምልክቱን እንደገና ነካኩት። «ያንቺ ለምን እንደማትይዝ ገብቶሻል? ፊደሉን እዪው እስቲ። ጸዳለ በጸሎቱ ጸ የምትባል ሰው እዚህ ግቢ የለችም። ሰው ከሌለ በማን ትጽደቅ?»

ፀዳለ አፈር በነካው አውራ ጣቷ ምልክቱ ላይ ያለውን ጸ ጠረገችው።

«ስለዚህ እንደዚሁ ትሁን፣ ተያት ልጄ። ስህተቱ ጠብቆሻል» አሉ ጋሽ ሁሪሳ፤ ሌላም ብዙ ነገር አሉ፣ ስለ ሳሙኤል፣ ከመሬት ሥር ስለሚሰሙት ድምፅ፣ ሌላ ሥራ ስለመፈለግ። አልሰማቻቸውም። ከሁለት ወር በላይ በብስባሽ፣ በጥላ፣ በውኃ ልትፈታው ስትታገል የኖረችው እንቆቅልሽ መልሱ በአንዲት ፊደል ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር። የአታለለች ጥፋት ነዋ። እዚህም የአታለለች ጥፋት።

በማግሥቱ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሰማዩ ጠቆረ። በመስከረም ማብቂያ ያልተጠበቀ በረዶ ቆርቆሮውን ደበደበው፣ መብራት ጠፋ፣ አገናኝ መንገዱ ረግረግ ረግረግ መሽተት ጀመረ። ፀዳለ የማጠጫ ቆርቆሮዋን ማስቀመጥ እንኳ ረስታ ዘጠነኛ ማመልከቻዋን በሌላ እጇ ይዛ ገባች። በየበሩ ስታልፍ ጨለማ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ጥላ ይታያታል፣ ሁሉም ፊታቸው ወደ መስኮት ነው፣ አንዱም አላወራም፣ አንዱም መብራት መጣ አልመጣ ብሎ አላማረረም። በረዶው ጋብ ሲል የሰማችው ከዳር እስከ ዳር ውኃ የሚጠጣ ነገር ድምፅ ነው፣ ትንንሽ፣ ትዕግሥተኛ ጉንጭታዎች።

ወይዘሮ አታለለች ከመዝገቡ ጀርባ ተቀምጠዋል። ፊታቸው አይለይም፤ የሜንታ ከረሜላው ሽታ ግን ክፍሉን ሞልቶታል። ፀዳለ ንግግሯን ጀመረች፣ ሁለት ዓመት ያጠናችውን፣ አላስጨረሷትም።

«ውኃ ይዘሻል?» አሏት፤ ድምፃቸው ከሆዳቸው ሳይሆን ከወለሉ የመጣ ይመስል ነበር።

አጎንብሳ ሳፋው ውስጥ ጨመረችላቸው። ውኃው ወደ ጠርዙ ከፍ ማለት ሲገባው ዝቅ አለ፤ ጨመረች፣ ዝቅ አለ። መብረቅ በራ። በዚያች ቅጽበት ጠረጴዛው ሥር ያየችው የእግር ጣት ቢሆን ኖሮ አምስት ላይ ያበቃ ነበር። ጨለማው ተመልሶ ሲወድቅ ፀዳለ ቆርቆሮውን አጥብቃ ይዛ ቀና አለች፣ እግሯ ወደ በሩ ሊወስዳት አንድ እርምጃ ጀምሮ ነበር፣ ያን ጊዜ ወይዘሮ አታለለች መዝገቡን ገለጡት።

«ትክክለኛ ስምሽ የቱ ነው?»

ፀዳለ መሸሽ ነበረባት። ግን ሁለት ዓመት ማንም ይህን ጥያቄ ጠይቋት አያውቅም። «በፀሐዩ ፀ» አለች። ማስረጃ አልተጠየቀችም። እስክሪብቶው በእርጥብ እጅ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ሰማች፤ ስምንት ማመልከቻ ያላነቃነቀው ፊደል በአንድ ጭረት ተሰረዘ፣ ሌላው ተጻፈ። «በደጅ ያለውንም አስተካክዪው» አሏት፣ እናት ለልጇ እንደምትናገረው ባለ ልስላሴ። በየክፍሉ ያለው ጉንጭታ ለአፍታ ቆሞ ነበር፤ እሷ ስትወጣ ቀጠለ።

የመብረቅ ነገር ነው አለች ደጅ ላይ፤ የጨለማ ነገር ነው፣ የደም ሥር በሽታ ነው፣ አሮጊት ናቸው። በማይለቅ ማርከር አዲስ ምልክት ጻፈች፣ ፀን ወፈር አድርጋ ጻፈችው፣ ደግማም አቀለመችው። አሮጌውን ምልክት፣ ያቺን ስትረግማት የኖረችውን ጸዳለን፣ ጉልበቷ ላይ ለሁለት ሰብራ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወረወረቻት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አርባ አንደኛዋ ቀይ ቀንበጥ አወጣች። ፀዳለ ተንበርክካ አሸተተቻት፤ የቦት ጎማ፣ የልብስ ሳሙና፣ የራሷ ላብ። ደስ አላት። ጋሽ ሁሪሳ የኤጀንሲውን ዩኒፎርም አጣጥፈው በክንዳቸው ይዘው መጡና ምልክቱን አነበቡ። «አስተካከልሽው» አሉ። አዎ አለች። እንኳን ደስ ያለሽ አላሏትም። አሁኑኑ አብራቸው እንድትወርድ፣ እስከ ታክሲው ብቻ እንድትሸኛቸው ለመኗት፤ ሪፖርት አለብኝ ብላ ሳቀች፣ ደግሞም እግሯ ከጠዋት ጀምሮ ከብዷት ነበር። በሩን ከውጭ መልሰውት ሄዱ። በቦታቸው የተላከ ሰው የለም። ፀዳለ ቅጹን ሞላች፤ የተተከለ አርባ አንድ፣ የጸደቀ አርባ አንድ፣ ያልጸደቀ ባዶ።

የቋሚ ቅጥሯ ደብዳቤ ጥቅምት ሃያ ስምንት ቀን ደረሳት፣ ከደብዳቤው ጋር ሮቶውን በሚያይ መስኮት ሥር የራሷ ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ሥር አዲስ ሳፋ ነበር። ፈገግ አለች፣ ይሉኝታ ይዟት ቀኑን ሙሉ ሳትነካው ዋለች፣ በሁለተኛው ቀን የእግሯ እብጠት ሲብስባት ቦቷን አወለቀችና ለትንሽ ብላ ነከረችው። ውኃው ደስ የሚል ነበር። ፀሐይዋ በመስታወቱ አልፋ ጉንጯ ላይ ስታርፍ ምሳ መብላት እንዳለባት እንኳ አላስታወሰችም። ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጠች ሳታውቅ ከጄኔሬተሩ ቤት፣ ሚስማሩ ላይ ከተሰቀለው ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ሲጠራ ሰማች። አባቷ ናቸው፤ በዚህ ሰዓት ሌላ የሚደውልላት የለም። ቋሚ ሆንኩ፣ ጸደቀልኝ ልትላቸው፣ ልትነሣ አሰበች። ሐሳቡ እስከ ጉልበቷ ወርዶ እዚያ ቀረ። ከጉልበቷ በታች ያለው የእሷ አልነበረም፤ ቀዝቃዛና የረካ ነገር ነበር፣ ከሳፋው አልፎ በወለሉ ስንጥቅ ወደ ደጅ ይሄዳል፣ ወዴት እንደሚሄድም ጠንቅቆ ያውቃል። ለመጮህ አፏን ስትከፍት የወጣው በሩቅ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው ዓይነት ድምፅ ነው። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ያን ጊዜ ደብዳቤውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችና ስሟን ከነአባቷ ስም፣ ፊደል በፊደል፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አነበበችው፣ አንዲት ስህተት ፍለጋ፤ አንዲትም አልነበረችበትም።